ኮረኮንቹን አትናቁት

ልጆች፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም። ከሰላሳ ዓመት በላይ የሯጮችን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሳክም የኖርኩ ጡረተኛ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ማለዳ ስወጣ በኮሪደር ልማቱ አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ ስትሮጡ አያችኋለሁ። ደስ ይለኛል። ዓይኔ ግን ፊታችሁ ላይ አይቆይም፤ ወዲያው ወደ እግራችሁ ይወርዳል። የሙያ አመል ነው።

ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ "የት ነው የምትሮጠው?" እለው ነበር። አብዛኞቹ ስለ ጫማቸው ያወሩኛል። በስንት እንደተገዛ፣ ማን ከውጭ እንዳመጣው። መሬቱን የሚያነሳ የለም።

ስትሮጡ አንድ እግር መሬት በነካ ቁጥር የሰውነታችሁን ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ይሸከማል። 60 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በየእርምጃው ከ120 እስከ 180 ኪሎ ታሳርፋለች ማለት ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ሺህ ጊዜ ያህል። "ታዲያ አስፋልት ይቅርብን?" አላልኩም። እግር ብልህ ነው። መሬቱ ሲለሰልስ ራሱን ጠንከር ያደርጋል፣ ሲጠነክርበት ደግሞ ላላ ይላል። የሚጎዳችሁ ያልለመዳችሁትን መሬት ድንገት ማብዛት ነው። ሌላው መደጋገሙ ነው። ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ ሺኛው እርምጃ ከመጀመሪያው አይለይም፤ ያው አጥንት፣ ያው ጅማት ይመታል።

ታላላቆቹ ሯጮቻችን ይህን ከማንም ቀድመው ገብቷቸዋል። ሳምንታቸውን በመሬት ይከፋፍሉታል። አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን ሱሉልታ ሜዳ፣ አንድ ቀን ሰንዳፋ ኮረኮንች። አስፋልት በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው። ጫካ ውስጥ ተከታትለው በባሕር ዛፎቹ መሐል ሲጠማዘዙ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የፊተኛው ሥር ወይም ድንጋይ ሲያይ ለኋለኛው በእጁ ይጠቁማል። አንዱም እርምጃ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠነክረውም እዚያ ነው። ከእንጦጦ ስትወርዱ ግን ተጠንቀቁ። ጉልበት የሚጎዳው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። እውነቴን ነው፣ ጀማሪ ከሆናችሁ ሽቅብ ሩጡና በታክሲ ውረዱ። ማንም አይስቅባችሁም።

ሣር ስለሆነ ብቻም አትመኑት። ተማሪ ሳለሁ ጃን ሜዳ ላይ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ወለምታ ነበር። ሰፈር ያለ ወጌሻ ሲጎትተኝ ጩኸቴ ሦስት ቤት ተሰማ፤ እግሬም ባሰበት። ክረምት ላይ ደግሞ የሱሉልታ መረሬ ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል፤ የተረከዝ ጅማት ይለጠጣል። በዚያ ወቅት ጠጠር ያለበት ኮረኮንች ይሻላል። ውሃው ቶሎ ይሰርግለታል።

ኮብልስቶን? ለማሟሟቂያ ተራመዱበት፣ አትሩጡበት። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል፤ የቦይ ክዳን የጠፋበትም አይጠፋም። አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት ዳርና ዳሩ ያዘቀዝቃል። ሁልጊዜ አንዱን ጠርዝ ይዛችሁ ከሮጣችሁ አንድ እግራችሁ እንዳጠረ ሆኖ ይሠራል። መንገዱ ለሩጫ ተዘግቶ ከሆነ መሐሉን ያዙ። መኪና ካለ ግን መኪናው ፊት ለፊት እንዲመጣላችሁ በግራ በኩል ሩጡ፤ ከመገጨት መንጋደድ ይሻላል።

አንዳንዱ "አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ አልሮጠም እንዴ?" ይለኛል። ሮጧል፣ በ1960 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። እግሩ በባዶው መሮጥ የለመደ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይህኛውን የሚነግረኝ የለም።

አዲስ መሬት መጀመር ስትፈልጉ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽ በሳምንታት ይለምዳል፤ አጥንትና ጅማት ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ወጣት የሚጎዳው ትንፋሹ ስለቻለ እግሩም የቻለ እየመሰለው ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንዲት ልጅ መጣች። በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ያውም ሲሚንቶ ላይ ብቻ ትሮጥ ነበር። ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ስዳስስ አንዲት የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ብድግ አለች። ሕመሙ እንዲህ አንድ ነጥብ ላይ ከተሰበሰበ አጥንቱ መሰነጣጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ "ቻል ላድርገው" ማለት አይሠራም፤ ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እሷም አረፈች። ሲሻላት መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት በሶምሶማ ሣርና ኮረኮንች ላይ አስጀመርኳት። ከወራት በኋላ ደወለች። እግሯ ደህና ነው፤ ችግሩ ጫማዋ በጭቃ ስለሚመጣ እናቷ በር ላይ እያስወለቀቻት ነው።