መድፍ የማያውቀው ዓሣ አጥማጅ ጦር መርከብ ላይ ምን ይሰራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ስለ 1ኛው የዓለም ጦርነት ሳነብ የብሪታንያ ትናንሽ የባህር ዳር መንደሮች ወንዶቻቸውን ለባህር ኃይል እንደሰጡ አየሁና ግራ ገባኝ። ዓሣ አጥማጅ እዛ ምን ይሰራል? ከአንድ ሰፈር ያን ያህል ሰው ባንዴ የሚያልቀውስ ለምንድነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ የገቡት ፈንጂ ጠረጋ ላይ ነው። ባህር ኃይሉ ገና ጦርነቱ ሳይጀመር በ1910 እ.ኤ.አ. መረብ ጎታች መርከቦችን ከነሰራተኞቻቸው በተጠባባቂነት መመዝገብ ጀምሮ ነበር፣ ምክንያቱም ከባድ ነገር በውሃ ውስጥ እየጎተቱ መሄድ ለነሱ የለመዱት ስራ ነው። ፈንጂው ከታች በሽቦ ታስሮ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ አይታይም። ሁለት መርከቦች መሃላቸው ረጅም የብረት ገመድ ይዘው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ገመዱ የፈንጂውን ማሰሪያ ሲበጥሰው ፈንጂው ብቅ ይልና በጠመንጃ ይመቱታል። ግን ገመዱ ከኋላ ነው ያለው፣ ፈንጂው ላይ ቀድሞ የሚያልፈው መርከቡ ራሱ ነው! ለዛ ነው ባህሩ ሲሞላ መጥረግ የሚመርጡት፣ ውሃው ከፍ ሲል መርከቡም ከፈንጂው ራቅ ይላላ። በኔ እይታ ከትልልቆቹ የጦር መርከቦች እኩል ሊወራላቸው የሚገባ ጀግኖች ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ያሳዝናል። አብረው የሚያጠምዱ ሰዎች አብረው ስለሚዘምቱ አንድ መርከብ ሲሰጥም ሀዘኑ የሚገባው አንድ ሰፈር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የስኮትላንዷ የሉዊስ ደሴት ነው፣ ያውም በውጊያ አይደለም፣ ጦርነቱ ካበቃ ሳምንታት አልፈው ነበር። ጥር 1 ቀን 1919 እ.ኤ.አ. ሌሊት አዮሌር የምትባለው መርከብ ለአዲስ ዓመት ወደቤታቸው የሚመለሱ የተጠባባቂ ባህር ኃይል አባላትን አሳፍራ ስቶርናዌይ የሚባለው የደሴቷ ወደብ ልትገባ ስትል አለት ላይ ወጣች፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ መሬቱ እኮ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነበር፣ ማዕበሉ ግን ዋናተኛውንም ከአለቱ ጋር ያላትመው ነበር። ከየመንደሩ እየተለቀመ የሄደ ሰው ስለሆነ ሀዘኑ ደሴቱን በሙሉ አዳረሰ። ከተረፉትም ግማሽ ያህሉ የተረፉት ጆን ፊንሌይ ማክላውድ የሚባል የዛው ደሴት ልጅ ገመድ ይዞ እየዋኘ ባህሩ ዳር ስለደረሰ ነው፣ በዛ ገመድ ወደ 40 ሰው ወጣ።