እናቴን ይዤ ክሩዝ ልወጣ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በነሐሴ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ከማያሚ ተነስቶ የባሃማስ ናሶና የሜክሲኮ ኮዙሜል ደርሶ የሚመለስ የ5 ሌሊት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ይዘናል። እኔና ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጎች ነን። እናቴ ግሪን ካርድ አላት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ግን በጥቅምት ያበቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ፍልሰታን ትጾማለች፣ ቡና ካልጠጣች ደግሞ ራሷን ያማታል። ምን እንያዝ፣ ምን እንተው? መርከቡ በሚነሳበት ቀን ጠዋት ከዋሽንግተን ብንበርስ እንደርሳለን?
ወ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ከልብሱ በፊት የእናትዎን ፓስፖርት ይጨርሱ። ባሃማስም ሜክሲኮም ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠይቁትም፤ ነገር ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት አብሮ ይፈለጋል። ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ደግሞ ከጉዞው በኋላ 6 ወር የሚቆይ ይላሉ። የጥቅምቱ ስለማይሞላ እድሳቱን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ስማቸውንም ያመሳክሩ፤ ግሪን ካርዱ ላይ የመጨረሻው ስም የአባት፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ ቀድመው ደውለው ያስተካክሉ፤ ወደቡ ላይ ሰልፍ ይዞ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። እርስዎና ባለቤትዎ በዜግነት ሰርተፍኬትና በመንጃ ፈቃድ መሳፈር ይፈቀድላችኋል፣ ግን ፓስፖርት ያዙ። መርከቡ ኮዙሜል ጥሏችሁ ቢሄድ ያለ እሱ አውሮፕላን አትሳፈሩም።

በዚያው ቀን ጠዋት መብረሩን ይተዉት። መሳፈሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 1 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ የዘገየ በረራም አይጠበቅም። ከዋዜማው ማያሚ እደሩ። ነሐሴ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ መርከቡ መንገድ ሊቀይር፣ ናሶንም ሊዘል ይችላል፤ ኩባንያው ለዚያ ካሳ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

ወደቡ ላይ ለተሸካሚዎች የምታስረክቡት ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ነው። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድና የእናትዎ መድኃኒት እዚያ ውስጥ ከገቡ ሰዎቹ ሳይሳፈሩ ወረቀቱ ይሳፈራል። ሁሉም በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ መድኃኒቱም ስማቸው ባለበት የፋርማሲው ብልቃጥ፣ ከሚያስፈልጋቸው 3 ቀን የሚተርፍ። ማዕበል ለሚያጥወለውለው ሰው ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሜክሊዚን ከመነሳት 1 ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ ግን ያስተኛል፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ላለበትም አይስማማም፣ ስለዚህ ለእናትዎ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ካላቸው ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ በራቀ መርከብ ላይ አይከፍልላቸውም። ሕመምተኛን በአውሮፕላን ማንሳትን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ። ነባር ሕመም እንዲካተት ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ቀብድ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መገዛት አለበት ስለሚሉ ቀኑን ይቁጠሩ።

ቡናውስ? የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ከሰልና ዕጣን በእሳት አደጋ ምክንያት ፍተሻው ላይ ይያዛሉ፤ ጀበናዋ ያለ እነሱ ምን ትሠራለች? ተቆልቶ የተፈጨ የታሸገ ቡና ከወረቀት ማጥለያ ጋር ያዙ፣ ፍል ውኃ ቡፌው ላይ ሞልቷል። ቤት የተጋገረ እንጀራ አያሳልፉም፤ ከሱቅ የታሸገ ቆሎ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ለጾሙ «ቪጋን» ብለው ለኩባንያው ከሳምንታት በፊት ያስመዝግቡ። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ካሉ ዓሣ ወይም ቅቤ ያለበት ሩዝ ይመጣል፤ ሾርባውም በሥጋ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምሽት የምግብ ቤቱን ኃላፊ ያነጋግሩ፤ የነገውን ዝርዝር አሳይቶ ዛሬ ያዝዝላቸዋል።

ስልካችሁን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ፣ የባሕር ላይ ኔትወርክ ቢል ያንራል። አንድ የእጅ ሰዓትም ያዙ። ኮዙሜል በነሐሴ ከማያሚ በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ መርከቡ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከቆየ፣ ወደ ኮዙሜል ሰዓት በተቀየረ ስልክ ተመርቶ የሚመለስ ሰው መርከቡን ከዳር ሆኖ ያያል።