«ባለቤት» የሥራ መደብ አይደለም

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ነርስ ነኝ፤ በሙያዬ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ሥነ መለኮት ተምሯል። ወደ ሌላ አገር በሚስዮናዊነት ለመሄድ ከአንድ ላኪ ድርጅት ጋር እየተነጋገርን ነው። የሰባትና የሦስት ዓመት ልጆች አሉን። በተሰጠን ቅጽ ላይ በእሱ ስም ትይዩ «ቤተ ክርስቲያን ተከላ» ተብሎ ተጽፏል፤ በእኔ ስም ትይዩ ያለው ግን «ባለቤት» የሚል ቃል ብቻ ነው። ጥሪው የሁለታችንም እንደሆነ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ሥራዬን ለቅቄ ብሄድ እዚያ ምን እሠራለሁ? ስንመለስስ ማን ይቀጥረኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጥሪያችሁ አስተያየት አልሰጥም፤ እሱን እናንተና ቤተ ክርስቲያናችሁ ትጨርሱታላችሁ። ዓይኔ ያረፈው በቅጹ ላይ ባለችው በዚያች አንዲት ቃል ነው። ላንቺ ሥራ ያልመደበ ድርጅት ሥራ የለሽም ማለቱ አይደለም። የማይቆጠር ሥራ ሁሉ ወዳንቺ እንዲመጣ በሩን ክፍት ትቶታል ማለት ነው።

ሚስዮናዊ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚሰብክ ሰው ነው። ቀኑ በአብዛኛው የሚያልፈው ግን የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ወረፋ በመጠበቅ፣ አዲስ ቋንቋ በመኮላተፍ፣ ለደጋፊዎች ሪፖርት በመጻፍ፣ ሳይነግሩ የመጡ እንግዶችን በማስተናገድ፣ እናትና አባት ራሳቸው በማይችሉት ቋንቋ ልጅን የቤት ሥራ በማሠራት ነው። ቤቱ የአገልግሎት ቦታም ስለሆነ ሥራ የሚያልቅበት ሰዓት የለም። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ካልተከፋፈለ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም።

እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1793 ወደ ሕንድ ሲነሳ ሚስቱ ዶሮቲ መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር፤ የተስማማችው እህቷ አብራት ለመሄድ ስትፈቅድ ነው። በዓመቱ የአምስት ዓመት ልጃቸው ፒተር ሞተ። የዶሮቲ አእምሮ ታወከ፤ በ1807 እስክታርፍም ድረስ አልተመለሰላትም። ኬሪ በእነዚያው ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስን ይተረጉም ነበር። ይህን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም፤ ያ ዘመን ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ። ነገር ግን የእሱ ታሪክ በየመድረኩ ሲተረክ የእሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

ከዚያው ዘመን ለጥያቄሽ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። ኬሪ በሕንድ ቤተሰቡን ያኖረው በኢንዲጎ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅነት ተቀጥሮ ነው። ሚስዮናዊው ሮበርት ሞሪሰንም በቻይና የመቆየት ሕጋዊ መሠረት ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1809 ጀምሮ ለእንግሊዙ የንግድ ድርጅት ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በአስተርጓሚነት በመሥራቱ ነው። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ 18 ላይ እንደምታነቢው ሙያው የባልም የሚስትም ነበር። ዛሬም ለሚስዮናዊ ቪዛ የማይሰጡ፣ ለነርስ ግን የሚሰጡ አገሮች አሉ። የቤተሰቡ መግቢያ ያንቺ ሙያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ግን በእውነት ነርስ ሆነሽ ሥሪ። የሥራ ቪዛን ለሌላ ጉዳይ መሸፈኛ ማድረግ ሕግ ከመጣስ አልፎ የምታገለግሏቸው ሰዎች እንዳያምኗችሁ ያደርጋል።

በሌላ በኩል በአንዳንድ አገሮች የትዳር ጓደኛ ቪዛ የመሥራት መብት የለውም፤ በበጎ ፈቃድ እንኳ ማገልገል የሚከለክሉ አሉ። የነርስነት ፈቃድሽም ድንበር አይሻገርም፤ እዚያ እንደገና መመዝገብ፣ ሰነድ ማስመርመር፣ ብዙ ጊዜም የቋንቋ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብሻል። ስለዚህ ቪዛሽ መሥራት ይፈቅድልሽ እንደሆነ ከላኪው ድርጅት መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። ከመሄድሽ በፊት የትምህርት ማስረጃሽን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንና ከፈቃድ ሰጪው አካል የመልካም አቋም ማረጋገጫ (በሙያሽ ቅጣት እንደሌለብሽ የሚገልጽ ደብዳቤ) አውጪ፤ ከውጭ ሆኖ እነዚህን ማሳደድ ወራት ይበላል። መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጡሽ እንደሆነ ጠይቂ። እንቢ ካሉሽም የነርስነት ፈቃድሽ እንዳይቃጠል እድሳት የሚጠይቀውን ተከታታይ ሥልጠና በርቀት መውሰድ ይቻል እንደሆነ አጣሪ። የመቀጠርሽ ነገር የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ነው። ስትመለሺ «ሚስዮናዊ ነበርኩ» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ቀጣሪው የተረፈውን ለመገመት ይገደዳል፤ የሠራሽውን፣ የተማርሽውን ቋንቋና ያገለገልሽበትን ክሊኒክ ዘርዝሪለት።

አጥብቄ የምመክርሽ ግን ስለ ቋንቋ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው እንደ ዓረብኛ ወይም ቻይንኛ ላለ ቋንቋ 2,200 ያህል የክፍል ሰዓት ይመድባል። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለእናንተ ስንት እንደሚሆን የሚወሰነው በምትሄዱበት አገር ቋንቋ ነው። በብዙ ቤተሰብ የሚሆነው ምንድን ነው? ባል ክፍል ይገባል፣ ሚስት ልጆች ትይዛለች። ከሁለት ዓመት በኋላ እሱ ወዳጆች አፍርቷል፣ እሷ ለሐኪም እንኳ ሕመሟን ለማስረዳት እሱን ትጠብቃለች። ነርስ ለሆነች ሴት ይህ ምን ያህል እንደሚያም አስቢው። የትምህርት ሰዓታችሁ እኩል ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ልጆቹን የሚይዘው ሰው ክፍያም ከመጀመሪያው በበጀቱ ይግባ። የሁለታችሁም ጡረታና የጤና መድን እዚያው መስመር ላይ ይካተት።

የልጆቹ ትምህርት ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ለአሁኑ የሰባት ዓመቱን ልጅ ከውሳኔው በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ አነጋግሩት። የኅብረተሰብ አጥኚዋ ሩት ዩሲም በ1950ዎቹ «የሦስተኛ ባህል ልጆች» ብላ የሰየመቻቸው ልጆች ከወላጆቻቸው አገርም ከሚያድጉበትም ሙሉ በሙሉ ያልሆኑ ናቸው። ብዙዎቹ ቋንቋና ሰፊ ዓይን ያተርፋሉ፤ «አገርህ የት ነው?» ሲባሉ ግን ይቸገራሉ።

ቅጹን እንዳለ እንዳትፈርሚበት። «ባለቤት» የሚለውን ሰርዘሽ «ነርስ» ብለሽ ጻፊና መልሽላቸው። ከፈለጉ «ነርስና እናት» ይበሉት፤ በእሱ ስም ትይዩም «አባት» እስከተጻፈ ድረስ ቅር አይለኝም። ምን እንደሚሉሽ ጻፊልኝ።