አጋዘን አደን በ800 ዶላር ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂንያ፣ ዉድብሪጅ ነው። አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ አባቱ ገጠር እርሻ አላቸው። ዘንድሮ ኖቬምበር ላይ አጋዘን እናድን ብሎኝ እሺ አልኩት። ከዚያ አንድ ትልቅ የአደን ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ጋሪዬን ሞልቶ 2,600 ዶላር አሰላልኝ፤ ጋሪውን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ባለቤቴ የፈቀደችልኝ 800 ዶላር ነው። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ምን ልግዛ? ምንስ ልተው? *ጀማሪው*

መልስ፦ ጋሪውን ትተህ መውጣትህ ጥሩ ነው። 800 ዶላር ይበቃሃል፤ እንዲያውም ካወቅክበት ይተርፍሃል።

ከዕቃው በፊት ወረቀቱን ጨርስ። ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ከሆንክ ከሱቅ ጠመንጃ መግዛት ትችላለህ። ሌላ ዓይነት ቪዛ ላይ ካለህ ግን ጠመንጃ መያዝ ራሱ ሊያስከስስህ ይችላል። ጠበቃ ሳታማክር የባልደረባህንም ጠመንጃ እንዳትነካ። ከዚያ የአደን ደህንነት ትምህርት አለ። ትምህርቱን ለመጨረስ ጊዜ ካጠረህ ቨርጂንያ የተለማማጅ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር ሆነህ ታድናለህ። የአጋዘን ፈቃድ ለብቻው እንደሚገዛም አትርሳ።

አሁን ወደ ጠመንጃው። የመጀመሪያውን ዓመት ብትዋስ ደስ ይለኛል። እርሻ ያላቸው አባት ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ጠመንጃ አይኖርም። መዋስ ካልሆነልህና መግዛት ካለብህ፣ መጀመሪያ ባልደረባህን "እርሻው የትኛው ካውንቲ ነው?" ብለህ ጠይቀው። ቨርጂንያ ውስጥ አንዳንድ ካውንቲ አጋዘን በራይፍል (ሩቅ በሚመታ ጠመንጃ) ማደን አይፈቅድም። እዚያ ከሆነ ያገለገለ ሞስበርግ 500 ወይም ሬሚንግተን 870 ሾትገን (ቅርብ ርቀት የሚመታ ጠመንጃ) ፈልግ። ሁለቱም አሜሪካ ገጠር ውስጥ በየቤቱ ያሉ ናቸው፤ 300 ዶላር ገደማ ደህናውን ታገኛለህ። ራይፍል የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ ስኮፑ (የማነጣጠሪያ መነጽሩ) ተገጥሞለት የሚሸጥ ሳቬጅ አክሲስ አለ፤ 400 እና 500 ዶላር መካከል ነው። ካሊበሩ (የጥይቱ ውፍረት) .243 ወይም .308 ይሁን። ሻጩ "ማግነም" የሚባል ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ነገር ሊያወጣልህ ከጀመረ አመስግነህ እለፍ። ትከሻህን ይደልቅሃል፣ አንተም ገና ሳትተኩስ ዓይንህን መጨፈን ትለምዳለህ። ያ ልማድ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም።

ብዙ ጀማሪ የሚሰስተው ጥይት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ገንዘብህን አውጣ የምልህ እዚሁ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ "ስኮፑን አስተካክለንልሃል" ቢሉህ አትመን፤ እሱ የዒላማውን ወረቀት ለመምታት ያህል ብቻ ነው። የተኩስ ልምምድ ሜዳ ሄደህ መጀመሪያ በ25 ያርድ፣ ቀጥሎ በ100 ያርድ ራስህ አስተካክል። የአብዛኛው ስኮፕ መዘውር አንዴ ቀጭ ሲል በ100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያንቀሳቅሳል። ሦስት ጥይት ተኩሰህ ሦስቱም ከመሃሉ 3 ኢንች ዝቅ ብለው ካረፉ፣ 12 ጊዜ ወደ ላይ ቀጭ ታደርገዋለህ። በአንድ ጥይት ብቻ ተመርተህ ግን አትነካካው።

ከዚያ የልደት ድግስ ላይ የምንበላበትን የወረቀት ሳህን ስቀል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ያንኑ ያህላል። ጠረጴዛ ሳትደገፍ፣ ተቀምጠህ ወይም ተንበርክከህ ተኩስ። ጥይትህ ሁሉ ሳህኑ ውስጥ የሚገባበት ርቀት ያንተ ርቀት ነው። 60 ያርድ ከሆነ 60 ነው። ከዚያ አልፎ የቆመውን ቀንዳም ዝም ብለህ እየው። ፉከራው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ልብስ ላይ ግን እጅህን ሰብስብ። ሻጩ ጋሪህ ውስጥ የከተተውን ካሞ (ጫካ የሚመስል) ሙሉ ልብስ እርሳው። አጋዘን እንደኛ ቀለም አይለይም። ቀይና ብርቱካናማ ለእሱ ደብዛዛ ነው፤ ሰማያዊን ግን አጥርቶ ያያል። ስለዚህ ጂንስ አትልበስ። ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሥራ ሱሪህ ይበቃል። ከሥር ጥጥ ሳይሆን ሱፍ ወይም ፖሊስተር አድርግ፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያበርድሃል። ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ወይም ኮፍያ ግን የሕግ ግዴታ ነው። ቨርጂንያ ደማቅ ሮዝም ትፈቅዳለች። ሰደርያው 10 ዶላር ገደማ ነው፤ ሌላው አዳኝ አንተን በአጋዘን እንዳይሳሳት የሚያደርግህ እሱ ነው።

ጫማ ላይ አትቆጥብ። ውሃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ በወፍራም ካልሲ የሚመችህን ግዛ። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ይነቃነቃል፤ የሚነቃነቅ ሰው ደግሞ አጋዘን አያይም።

የሽታ ማጥፊያ የሚባለውን ርጭት ተወው። ዋናው ነፋሱ ነው፤ ከአጋዘኑ ወዳንተ መንፈስ አለበት። የአደን ልብስህን ግን ሳሎን አታስቀምጥ። እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ የዋለበትን ጃኬት ለብሰህ ጫካ ከገባህ፣ አጋዘኑ ሳያይህ ይሄድልሃል። መዓዛ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ተዘግቶ ጋራዥ ይቀመጥ።

ዛፍ ላይ የሚወጡበት መቀመጫም ዘንድሮ አያስፈልግህም። መሬት ላይ ዛፍ ተደግፈህ በትንሽ ተጣጣፊ ወንበር ተቀመጥ። እዚህ አገር ብዙ አዳኝ የሚጎዳው ከዛፍ ወድቆ ነው። ባልደረባህ "ውጣ" ካለህ ሙሉ ሰውነት የሚይዘውን ማሰሪያ አድርገህ ብቻ። እሱን ደግሞ ያገለገለ አትግዛ፤ ማሰሪያ ያረጃል።

ቢላዋ፦ ሞራ የሚባለው የስዊድን ቢላ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ መቶ ዶላር ከሚሉት አያንስም። በግ ስትበልት ካደግክ ግማሹን ታውቀዋለህ። ሆዱን ስትከፍት ጨጓራውንና ፊኛውን እንዳትወጋ የቢላውን ስለት ወደ ላይ አድርገህ ጫፉን በሁለት ጣትህ መካከል ያዝ። ጓንት፣ ገመድ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና በረዶ የሞላ ኩለር ጨምር። ልጆች ካሉህ ደግሞ የጠመንጃ ቁልፍ ከ800ው ውስጥ ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ ካላንደርህን እይ። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው ኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ፍሪዘርህ ውስጥ ከወዲሁ ቦታ አስለቅቅ፤ ሥጋው የገና ነው። ዘዳግም 14 ዋላን ከሚበሉት ይቆጥራል። በጥይት የወደቀ ይበላል ወይ የሚለውን ግን ለንስሐ አባትህ አቅርብ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከጓደኛው የአጋዘን ሥጋ ተሰጥቶት መጣ። ቀይ ነው፣ ያምራል። ለክትፎ ይሆናል? *ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ለብለብም ቢሆን አይሆንም። የዱር እንስሳ ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለች አትቀልዱበት። ሌላም ጉዳይ አለ። ሲ ደብልዩ ዲ የሚባል የአጋዘን የአንጎል በሽታ ሜሪላንድም ቨርጂንያም ውስጥ አለ። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በሽታው የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ይላል። ማብሰልም ሆነ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። ባለቤትሽ ጓደኛውን የት እንደታደነና ተመርምሮ እንደሆነ ይጠይቀው። መልሱ ደህና ከሆነ በደንብ የበሰለ ጥብስ ወይም ቀይ ወጥ ሥሪበት። ሥጋው ስብ ስለሌለው ቅቤ በዛ አድርጊ። የራሱን ሞራ ግን ሙልጭ አድርገሽ አውጪ፤ አፍ ላይ እንደ ሰም ይጋገራል።