ጥያቄ የሚደረድር ኢንስቶለርን በስክሪፕት ስለመጫን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ለገጣፎ ያለው የኮሌጃችሁ ላብ ውስጥ ኡቡንቱ ያላቸው 40 ኮምፒውተሮች አሉ። ሁሉም ላይ አንድ «ዶት ቢን» ፋይል፣ ማለትም ራሱን የሚጭን የሶፍትዌር ፋይል (ኢንስቶለር)፣ መጫን አለብህ። ፋይሉ ግን የፈቃድ ውሉን ገጽ በገጽ ያሳያል፣ «ትስማማለህ?» ይላል፣ «የት ልጫን?» ይላል፣ ስክሪፕትህም እዚያው ይቆማል። «የስ» የሚባለውን ትእዛዝ በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መንገድ) ብታገናኝለትም አልሠራም። እኔ እዚህ ገላን አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች ሰርቨር ስተክል ስለምውል ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ከስልክ ስለምጽፍልህ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው ያስቀመጥኳቸው።

በመጀመሪያ «የስ»ን ተወው። እሱ «ዋይ» የሚል ፊደል ያለማቋረጥ ይተፋል እንጂ ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገርህ። ኢንስቶለሩ «የት ልጫን?» ሲል መልሱ ያው «ዋይ» ሆነና ሶፍትዌሩ በሙሉ «ዋይ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ገባ። ሰዎቹ «አልተጫነም» ብለው ትተውት ነበር። ሌላም ችግር አለ። አንዳንድ ኢንስቶለር መልሱን ከፓይፑ አያነብም፤ በቀጥታ ከተርሚናሉ፣ «ዴቭ ቲቲዋይ» ከሚባለው ነው የሚያነበው። ያንተ የቆመው በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ራሱን መርምረው። በ«ሄድ» የላይኛዎቹን መስመሮች አውጣና አንብብ። ብዙው «ዶት ቢን» ከላይ ተራ የሼል ስክሪፕት (የሚነበብ የትእዛዝ ጽሑፍ) ነው፣ የታመቀው ዕቃ ከሥሩ ይከተላል። «ሜክሰልፍ» የሚል የኢንስቶለር መሥሪያ ስም ካየህ ተገላገልክ፦ «ሁለት ሰረዝ ኖኤክሴክ» እና «ሁለት ሰረዝ ታርጌት» ብትሰጠው ምንም ሳያስነሳ ውስጡን ይፈታልሃል፤ የሚጠይቀውን ሁሉ ከነስክሪፕቱ ታየዋለህ። «ኢንስቶልኤኒዌር» በሚባለው ሌላ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ፣ ሳይጠይቅ እንዲጭን የሚያደርግ «ሰረዝ አይ ሳይለንት» አለው። የእሱን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። አንዱ ማሽን ላይ በ«ሰረዝ አር» እየመለስክ ትጭናለህ፣ መልሶችህን ፋይል ላይ ይጽፍልሃል፤ ሌሎቹ ላይ ያንኑ ፋይል በ«ሰረዝ ኤፍ» ትሰጠዋለህ። የፓይተን መጫኛው ሚኒኮንዳ ደግሞ ሳይጠይቅ እንዲጭን «ሰረዝ ቢ» ይበቃዋል። ያንተን ስለማላውቀው «ሁለት ሰረዝ ሄልፕ» ብለህ ጠይቀው።

ይሄ ሁሉ ከሌለው በሰው ፈንታ ጥያቄ የሚመልሰው «ኤክስፔክት» አለልህ። ዶን ሊብስ በ1990 ያወጣው የቆየ መሣሪያ ነው፣ ዛሬም የሚተካው አላየሁም። ለኢንስቶለሩ የውሸት ተርሚናል ይከፍትለታል፤ ኢንስቶለሩም ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል። «ዴቭ ቲቲዋይ» ላይ ድርቅ የሚለውም ይሸነፋል። ጥያቄውን አይቶ ነው የሚመልሰው፤ ሊመጡ የሚችሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ከዘረዘርክለት ቅደም ተከተላቸው ቢቀያየርም አይሳሳትም። ሁለት ነገር ልብ በል። የፈቃድ ውሉ ገጽ በገጽ ሲቆም «ሞር» የሚለውን ጽሑፍ እንዲጠብቅና ስፔስ እንዲልክ ንገረው። ሁለተኛ፣ ዝም ካልከው የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ፋይል የሚገለብጥ ኢንስቶለር በ10 ሰከንድ አያልቅም፣ የመጠበቂያ ጊዜውን፣ «ታይምአውት»ን፣ ኔጌቲቭ 1 አድርገው፤ ያኔ ያለ ገደብ ይጠብቃል። ከባዶ መጻፍ ከከበደህ «አውቶኤክስፔክት» አንዴ ስትጭን እያየ ስክሪፕቱን ያዘጋጅልሃል፤ ከዚያ የማያስፈልገውን ትቀንሳለህ።

ውሉን ግን አንድ ሰው፣ አንተም ሆንክ ኃላፊያችሁ፣ አንዴ ያንብበው። ማሽን ቢስማማም የሚጠየቀው ኮሌጁ ነው።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ደግሞ ግማሹ ማሽን ተጭኖ ግማሹ ይቀራል። ስክሪፕትህ መጀመሪያ ሶፍትዌሩ መኖሩን ይፈትሽ፣ ካለ ይለፈው፤ ሲጨርስ ኤግዚት ኮዱን (ኢንስቶለሩ ሲያበቃ የሚተወውን ቁጥር፤ ዜሮ ማለት ተሳካ ነው) ከነማሽኑ ስም አንድ ፋይል ላይ ይጻፍ። ዜሮ ያልሆነውን ብቻ ሄደህ ታያለህ።

አርባውን ከመንካትህ በፊት አንዱ ላይ ግብዓቱን ምንም ከማይሰጠው ባዶ ፋይል፣ ከ«ዴቭ ኑል»፣ አድርገህ አስነሳው። የት ላይ እንደሚያኮርፍ ወዲያው ይታይሃል። የ«ሄድ»ን ውጤት እዚህ ለጥፍልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።