ግቢ ውስጥ ለሚሠራ አውሮፕላን ሞተርና ኤሌክትሪክ፦ ጥያቄና መልስ

በገዛ እጃቸው አውሮፕላን መሥራት የጀመሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች ጥያቄ ልከውልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጋሼ፣ የድሮ ቮልስ ሞተር አግኝቻለሁ፣ 1600 ሲሲ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያነሣኛል ይላሉ?

የቮልስ ሞተር ለአውሮፕላን አዲስ አይደለም። በአየር ይቀዘቅዛል፣ ፕሮፔለሩንም ያለ ማርሽ በቀጥታ ያዞራል። ችግሩ ቦታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 50 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው እዚህ 37 ቢሰጥህ ነው። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚሠሩት በዚያው ስስ አየር ነው፤ መንደርደሪያህ ይረዝማል። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ድብልቁን ከመቀመጫህ ሆነህ የምታሳሳበት ገመድ ሥራለት። በቀረልህ ጉልበት መነሣት መቻልህ ወረቀት ላይ በሒሳብ ካልወጣልህ ግን ሞተሩን አትግዛው።

እኔ ሸዋሮቢት ነኝ። ለእኔም ያው ነው?

አንቺ ትሻያለሽ፣ ከፍታሽ ከግማሹም ያንሳል። ሙቀቱ ግን አየሩን ያሳሳዋል፤ በጠዋት ብረሪ። የቤንዚን ቱቦሽን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አርቂው፤ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ከተነነ ሞተሩ ይጠፋል።

ጣርማ በር አካባቢ በጉም ሰዓት ሞተሬ እየተንተፋተፈ ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ካርቡራተርህ በረዶ እየሠራ ይመስለኛል። ቤንዚን ሲተን ጉሮሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥብ አየር ውጭው 15 ዲግሪ ቢሆንም ውስጥ ይረጋል። ከማርሚታው ላይ ሞቅ ያለ አየር የሚያስገባ በር ሥራለት።

ባትሪው አየር ላይ ቢሞት ሞተሩ ይጠፋል?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ማግኔቶ ካለህ አይጠፋም፤ ብልጭታውን ራሱ ያመነጫል። ብልጭታውን የሚሰጥህ የመኪና ቦቢና ከሆነ ግን ያለ ባትሪ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ አስቀምጥለት፤ መስመሩም በዋናው ማብሪያ ማጥፊያ በኩል አይለፍ። ጭስ ከሸተተህ ሁሉንም ኤሌክትሪክ ታጠፋለህ፣ ሞተሩ ግን መዞሩን መቀጠል አለበት።

ማግኔቶ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማግኔቶ የሚጠፋው ወደ ቁልፉ የሚሄደው ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ሲገናኝ ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ቁልፉን ብታጠፉም እሳቱ አለ። ፕሮፔለር ሁልጊዜ ሊነሣ እንደሚችል አድርጋችሁ ያዙት።

የቤት መብራት ሽቦ ይሆናል?

አይሆንም! ወጥ መዳብ ነው፣ በንዝረት ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ተጠቀም። ጫፉንም በብየዳ ሳይሆን ተጨምቆ በሚይዝ ማያያዣ አያይዘው፤ ብየዳው ያደረቀው ቦታ ላይ ነው የሚቆረጠው። ሽቦና የቤንዚን ቱቦ አብረህ አትሰር።

ፊውዙ ሬዲዮዬን ይጠብቅልኛል?

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። መጠኑን በሽቦው ውፍረት ምረጥ።

ሞተሩ መሬት ላይ በደንብ ሠራ። አሁንስ?

መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሂድ፤ ያለ ፈቃድ አይበረርም። እስከዚያው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ሽቅብ ሲወጣ በሚሆነው ልክ ቀና አድርገህ ከቱቦው የሚወርደውን ቤንዚን በባልዲ ለካ። በስበት ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚጠጣው አንድ ተኩል እጥፍ መፍሰስ አለበት። ካነሰ ቱቦውን አወፍረው።