ፒያሳ ያገኘኸው አሮጌ ኒኮን 28 ሚሊሜትር፦ ከመክፈልህ በፊት

ወንድሜ፣ «ፒያሳ አንድ ኒኮር (የኒኮን ሌንስ) 28 ሚሊሜትር 2.8 ሊሸጡልኝ ነው፤ ለኤፍኤም2 ፊልም ካሜራዬ ይሆናል ወይ? ምኑን ልይ?» ብለሃል። ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ የትኛው 28 እንደሆነ ለይ።

ኤፍኤም2 ከ1977 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩትን የኒኮን ሌንሶች፣ የአፐርቸር (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው) ቀለበታቸው ካልተቀየረ በቀር፣ አይቀበልም። ኤፍኤም እና ኤፍኢ በተባሉት የኒኮን ካሜራዎች ላይ ያለው፣ አሮጌውን ሌንስ ለማስገባት የሚታጠፍ ጥርስ እሱ ላይ የለም፤ አስገድደህ ብታስገባው ካሜራህን ትጎዳለህ። የአፐርቸር ቁጥሮቹ በሁለት ረድፍ፣ ትልልቆቹ ከፊት ትንንሾቹ ከካሜራው በኩል ከተጻፉ ይገባል። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ተወው።

ቀጥሎ ፎከስ ማድረጊያው ቀለበት ላይ የተጻፈውን የርቀት ቁጥር እይ። እስከ 0.2 ሜትር የሚወርደው ኤአይኤስ የሚባለው የኋለኛው ዓይነት ነው፤ 8 መስታወት አለው፣ ቅርብ ስታነሳም የውስጥ መስታወቶቹ አቀማመጣቸውን ስለሚያስተካክሉ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። 0.3 ላይ የሚቆመው የቀድሞው ኤአይ 7 መስታወት ነው። «ሲሪስ ኢ» የሚለው ደግሞ 5 መስታወት ብቻ ያለው ቀለል ያለ ሌንስ ነው፤ መጥፎ ባይሆንም በኤአይኤስ ዋጋ አትግዛው።

አሁን ዋናው ምርመራ አፐርቸሩ ነው። ሰው ሁሉ የፊት መስታወቱን ጭረት ያያል፣ እሱ ግን ፎቶ ላይ ብዙም አይታይም። የአፐርቸሩን ቀለበት 16 ላይ (ቀዳዳው ጠባብ በሚሆንበት) አድርግና ከኋላ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በጣትህ ገፍተህ ልቀቃት። የአፐርቸሩ ምላጮች ጥርቅም ብለው መዘጋት አለባቸው። እየተጎተቱ ከተዘጉ ወይም ላያቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ዘይት ካየህ፣ የፎከሱ ግራሶ አርጅቶ ዘይቱ ወደ ምላጮቹ ወርዷል ማለት ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሌንስ 2.8 ላይ ደህና ያነሳል፣ 11 እና 16 ላይ ግን ሸተሩ (ከፊልሙ ፊት ያለው መጋረጃ) ሲከፈት ምላጮቹ ገና ስላልደረሱ ፊልሙ ብርሃን ይበዛበታል። ካሜራው ያለው መለኪያ ይህን አያውቅም። መፍትሔው ተፈትቶ መታጠብ ነው፤ ማንም ዘይት ጠብ ያድርግበት ቢልህ እሺ አትበል።

ለሻጋታ 2.8 ላይ ከፍተህ፣ ዘንጓን ይዘህ፣ የስልክህን መብራት ከኋላ በኩል አብራበትና ከፊት በኩል ጎን ለጎን እያዘነበልክ ተመልከት። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ክር ሻጋታ ነው። ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ይጠረጋል፤ የመስታወቱን ሽፋን ከበላ ግን ምልክቱ አይጠፋም። የኋላው መስታወት ጭረት ከፊቱ ይብሳል። የብሎኖቹ ጭንቅላት ከተበላ፣ ተገቢ ካቻቢቴ ያልያዘ ሰው ከፍቶታልና ተጠራጠር። ክረምት ላይ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አታቆየው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ሣጥን ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጠው።

ካሜራህን ይዘህ ሂድ። ከፒያሳ ወደ እንጦጦ አዙረህ የፎከሱን ቀለበት እስከ ሩቁ መጨረሻ ድረስ አዙር፤ በመመልከቻው መሃል ለሁለት የተከፈለው ምስል መጋጠም አለበት። ካልገጠመ ወዲያው ሌንሱ ላይ አትፍረድ፣ ሌላ ሌንስ ግጠምና እይ፤ እሱም ካልገጠመ ችግሩ በካሜራው ውስጥ ያለው አንጸባራቂ መስታወት ወይም ምስሉ የሚያርፍበት የፎከስ ስክሪን ነው።

ከገዛኸው፣ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ 400 ፊልም ላይ አፐርቸሩን 11፣ የሸተሩን ፍጥነት 1/1000 አድርግ፤ ፎከሱን 2.5 ሜትር ገደማ ላይ ካቆምከው ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ይያዛል፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ስትሄድ ቀለበት መንካት አያስፈልግህም። ትልቅ ህትመት ካሰብክ ሌንሱ ላይ ለ8 የተሰመረውን የጥልቀት መስመር (ከየት እስከ የት ጥርት እንደሚል የሚያሳየውን) ተጠቅመህ በ11 አንሳ። ጊዮርጊስን ከቅርብ ስታነሳ ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጥጠው፣ ግድግዳው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ቀጥ አድርገህ ያዝና ከታች የተረፈውን መሬት ስታትም ቁረጠው። የፊልተሩ ስፋት 52 ሚሊሜትር ነው፤ የሌንሱን ጥላ (ከፊቱ የሚገጠመውን የብርሃን መከላከያ) ስትገዛ ለ28 የተሠራውን ኤችኤን-2 ጠይቅ፣ ለ50 የተሠራው ማዕዘኖቹን ያጠቁርብሃል።